ጫፉ ላይ ያለችው አረንጓዴ ቅጠል

የቀን እንቅልፍ የሌባ እንቅልፍ ነው፤ ዓይን ይጨፈናል እንጂ ጆሮ ቆሞ ይውላል። እሷም እንዲሁ ተጋድማለች፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ መጋረጃው ያልሸፈናት አንዲት ቀጭን የፀሐይ መስመር አልጋው ላይ ወድቃለች፣ ከታች መንገድ ላይ ሰው ወደ ሥራው ይጣደፋል፣ እሷ ደግሞ ከሥራዋ ተመልሳ ሌሊቱን ሙሉ ስታጥፍ ያደረችው አንሶላ ከጣቷ አልወጣ ብሏታል። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ነጭ አንሶላ ይመጣል፣ ጫፍና ጫፉን ያዢ፣ ሳቢ፣ እጠፊ፣ ደርድሪ፣ ሌላ ይመጣል። የምትሠራው የሆስፒታል አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ትልቅ እጥበት ቤት ነው፤ የምትተኛበት አልጋ ደግሞ የሷ ብቻ አይደለም፣ ማታ ማታ ደባሏ ትተኛበታለች፣ ቀን ቀን እሷ። ደባሏ የአገሯ ልጅ ናት፣ አውቶቡስ ታጸዳለች፣ እምነታቸው ለየቅል ነው፣ ሳቃቸው ግን አንድ ነው። ‹‹የኛ አልጋ ከኛ በላይ ይሠራል፣ ደሞዝ ይገባዋል እኮ!›› ትላለች። የሚገናኙት በር ላይ ነው፣ አንዷ ስትገባ አንዷ ስትወጣ፣ ትራሱ ገና ሳይበርድ። ዛሬ ጠዋትም በር ላይ ተገናኙና ደባሏ ስልኳን ዘረጋችላት፣ ‹‹እስቲ ይሄን ጉድ እዪልኝ፣ ሰው ግን ምን ነካው?›› አለቻት። እንቅልፏን ይዞባት የሄደው እሱ ነው።

ፎቶው እኮ ምንም አይደለም። አንዲት ሴት ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ ኒቃቧ ዓይኗን ብቻ አስቀርቶ፣ አንድ ፎቶ ቤት በር ላይ ቆማለች። ከጀርባዋ መስታወቱ ላይ ሙሽሮችና ጥርሳቸው የወለቀ ሕፃናት በትልልቁ ተለጥፈው ይስቃሉ። ያነሳት ሰው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነው ያነሳት፣ እሷ አላወቀችም፤ ከዚያ ‹‹ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጣች፣ ሲወጣ የማን እንደሆነ በምን ይለያል?›› ብሎ ለጠፈው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰዉ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ኖሯል! አንዱ ‹‹አንድ ጊዜ ከተነሳች ለእህቶቿም ይሆናል›› ይላል፣ የሚስቅለት ሰው ብዛቱ። አንዷ ‹‹ምስኪን፣ ባሏ አስገድዷት ነው፣ ነፃ እናውጣት›› ትላለች፣ ባል ይኑራት አይኑራት የጠየቀ የለም። ሌላው ‹‹ከውስጥ ወንድ ይሁን ሴት ማን ያውቃል?›› ይላል። እነዚህ ሲደክሙ ደግሞ ተቆርቋሪው ደሙ ፈልቶ ይመጣል፣ ‹‹እንቁ ይሸፈናል፣ የተገለጠ ከረሜላ ዝንብ ነው የሚወረው›› ይላል፣ ይህን ብሎ ቢያርፍ ጥሩ ነበር፣ አላረፈም፣ ‹‹እናንተ ፀጉራችሁ ላይ ብቻ ጣል የምታደርጉትስ አታፍሩም?›› ይላል። እሷ ሂጃብ ብቻ ነው የምትለብሰው፤ ለሌላ የተወረወረው ድንጋይ እሷንም አገኛት። እንቁም አሏት ከረሜላም አሏት ምስኪንም አሏት፣ ስለ ሴትየዋ ያልተናገረች ሴትየዋ ብቻ ናት።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን አዝና ትተኛ ነበር። ስልኩን ልትመልስ ስትል ግን ከቀሚሱ ግርጌ፣ በግራ በኩል፣ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነገር አየች። በሁለት ጣቷ ለጠጠችው፣ ጎላ፣ ደበዘዘ፣ እንደገና ጎላ። ቅጠል ናት። በክር የተጠለፈች ቅጠል። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ‹‹ምነው?›› አለቻት ደባሏ። ‹‹ምንም፣ እንቅልፍ ነው›› አለች፣ የሆዷን በሆዷ ይዛ።

ዓይኗን ስትጨፍን ትንሽ ልጅ ሆና ገበያው መሐል ናት፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ አያልፍም፣ ዓለም ሁሉ ቀሚስና እግር ነው። እናቷ ‹‹ቀሚሴን ያዢ፣ እንዳትለቂ›› ብላታለች፣ ይዛለች፣ እያወራች ትሄዳለች፣ ስለ ድመቷ፣ ስለሚነቃነቀው ጥርሷ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ክፋት፣ ወሬዋ መቼ አልቆ፣ እናቷ ግን ዝም ብላለች። ‹‹እማ፣ አትሰሚኝም እንዴ?›› ብላ ጨርቁን ስትጎትተው ቀሚሱ ቆመ። ጎንበስ ብለው ያዩዋት ዓይኖች የእናቷ አይደሉም። ጉድ በል! የገበያውን ግማሽ የዞረችው የሰው እናት ቀሚስ ይዛ ነው። አፏን ከፍታ ልታለቅስ ስትል ሴትየዋ ከኒቃቧ ውስጥ ሳቅ ባለ ድምፅ ‹‹እሽሽ፣ እናትሽ አይደለሁም ልጄ›› አለቻት፣ ‹‹ግን አትልቀቂ። እስክናገኛት ያዢ።›› ያዘች። ፊቷን አይታው የማታውቀውን ሴት ቀሚስ ጨብጣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ስትሄድ አለመፍራቷ እስከ ዛሬ ይገርማታል። እናቷ ስትገኝ ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሳቁ፣ እሷ ብቻ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፣ ያለቀሰችው የትኛዋን እንደምትለቅ ጠፍቷት ይሁን ሌላ፣ ማን ያውቃል። ያን ዕለት እናቷ ከትምህርት ቤት ልብስ የተረፈ አረንጓዴ ክር ፈልጋ ከጥቁር ቀሚሷ ጫፍ ላይ አንዲት ቅጠል ጠለፈች፤ ‹‹ከእንግዲህ ይቺን አይተሽ ያዢ፣ ደንቆሮዬ›› አለቻት። ታናሽ እህቷም ያችኑ ቅጠል ይዛ ነው ያደገችው፣ ኋላም ራሷ ኒቃብ ስትለብስ እናታቸው ለሷም ጠለፈችላት። እሷ ታላቋ ወደዚህ ሰው አገር ስትመጣ እናቷ ካፖርቷ ላይ ልትጠልፍ ክር በመርፌ አስገብታ ነበር፣ ‹‹ተዪው እማ፣ እዚያ ማን ሊይዘኝ?›› ብላ ከለከለቻት። ይኸው ዛሬ ያ ሁሉ ሕዝብ ‹ማን እንደሆነች በምን ይታወቃል› ሲል እሷ አውቃታለች። ሚጢጢ ናት። እህቷ ናት።

ሚጢጢ የቤት ስሟ ነው፤ አሁን በቁመት እትዬዋን ጥላት ሄዳለች፣ ስሙ ግን እዚያው ቀርቷል። አዋላጅነት ነው የምትማረው። የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ ለመፈተኛው መታወቂያ ፊት የሚታይበት ጉርድ ፎቶ አምጡ ተባሉ፣ ሚጢጢም ሴት የምታነሳበት ፎቶ ቤት የት ይገኛል፣ መታወቂያውንስ በፈተናው በር ላይ ሴት ታይልኝ ይሆን ወይ እያለች ትብሰለሰል ነበር፣ ቢጨንቃት ወደ እትዬዋ ደወለች። ለማን ትደውል ታዲያ? የደወለችው ግን እትዬዋ ከሥራ ተመልሳ እግሯ አብጦ፣ የእጥበት ቤቱ በር አስመርሯት በገባችበት ሰዓት ነው። በሩ ሰው አያውቅም፣ ፊት ነው የሚያውቀው፤ ከአንዲት ትንሽ መስታወት ፊት ይቆሙለታል፣ ያያል፣ ከወደደ ጢጥ ይላል። የተመዘገበችው በመጣች ሰሞን ነው፣ ጉንጯ ሞላ ያለ ሳለ፤ አሁን ከስታለች፣ በሩ ይጠራጠራል። አገጭሽን ቀና፣ ጠጋ፣ ራቅ፣ ‹አልታወቁም›፣ ከኋላ ወረፋው ያጉረመርማል፣ እንደገና ጠጋ፣ ‹አልታወቁም›። ስንት ወር ሙሉ በየቀኑ ፊቷን ገልጣ ሄዳ በሩ የማያውቃት ሴት፣ ያን ዕለት እህቷ ስለ ፎቶ ስትነግራት ሆዷ የያዘውን ንዴት ሁሉ ልጅቷ ላይ ደፋችው። ‹‹አንቺ ደሞ ታካብጃለሽ! አውልቀሽ ተነሺና ገላግይን፣ ማንኛውም ፎቶ ቤት ሂጂ። እንዲህ ተሸፋፍነሽስ ማን ያውቅሻል? አንድ ጥቁር ነገር!›› ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሚጢጢ ‹‹እሺ እትዬ›› አለች፣ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አልተነሳም። ዛሬ ከፎቶው ሥር ‹ጥቁር ነገር› ያለ ሰው ስትፈልግ ብዙ አገኘች፣ ከሁሉም ቀድማ ያለችው ግን ራሷ ናት። ልጅቷ የእትዬዋን ቃል አክብራ ማንኛውም ፎቶ ቤት ሄደች፣ ዓለም ተሰብስቦ ሳቀባት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከፈተናውም ብትቀር፣ ከቤት መውጣት ብትጠላ፣ ዕዳው የማን ነው?

የፀሐይዋ መስመር ከጉልበቷ ወደ ወገቧ መጥታለች። ትደውላለች፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሚጢጢ አታነሳም። ለእናቷ ደወለች። እናቷ ስልክ ስትይዝ ርቀቱን በድምፅዋ ልትደርስበት ይመስል ትጮኻለች፤ ‹‹አለን! አልሐምዱሊላህ! ደህና ነን!›› አለች ገና ሳትጠየቅ።

‹‹ሚጢጢስ እማ?››

‹‹አለች፣ ክፍሏን ዘግታለች። ከሰሞኑ መውጣትም የለ፣ መብላትም እንዲያው ለነገሩ ነው።››

‹‹ታማ ነው?››

‹‹ኧረ ምንም አልሆነች። አንቺ ግን ድምፅሽ ምነው? አልተኛሽም እንዴ?››

‹‹ተኝቻለሁ እማ።››

‹‹ተኝተሽ ነው የምታወሪኝ? በይ ዝጊና ተኚ፣ አላህ ይጠብቅሽ።››

ዘጋች። ክፍሏን ዘግታለች። ዘግታለች፣ አትበላም፣ አትወጣም። ትራሱን ገለበጠችው፣ የደባሏ ሽቶ ይሸታል፣ መልሳ ገለበጠችው። የሚገርመው እናቷ ስለ ፎቶው አታውቅም፣ የምትጠልፋት ቅጠል ዓለምን ዞራ እዚህ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከልጇ እጅ እንደገባች አታውቅም፣ አንሶላው ይመጣል፣ ጫፍና ጫፉን ያዢ፣ አሁን አንሶላው ጥቁር ነው፣ ታጥፈዋለች፣ ከውስጡ የሚስቁ ሕፃናት ይወድቃሉ፣ ጥርሳቸው የለም፣ በሩ ‹አልታወቁም› ይላል፣ ባንና ተነሳች። ተነስታ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ደባሏ ሁልጊዜ ‹‹አስተያየት መስጫው ውስጥ መግባት ጉንዳን ላይ መቆም ነው፣ እንደኔ እያነበብሽ እለፊ›› ትላታለች፣ እሷም እስከ ዛሬ እያነበበች ነው ያለፈችው። ዛሬ ግን ቆመችበት። በገዛ ስሟ፣ በገዛ ፎቶዋ እንዲህ ስትል ጻፈች፤ ‹‹ይህች እህቴ ናት። ፎቶ ቤት የሄደችው እኔ ሂጂ ብያት ነው። ማን እንደሆነች በምን ይታወቃል ላላችሁ፣ እኔ ከሩቅ አውቃታለሁ። መሳቅ ያማራችሁ በኔ ሳቁ፣ ፊቴ ይኸውላችሁ።››

ሳቁባት ታዲያ። አልሳቅም የሚል ማን አለ? ‹‹እህትሽ መሆኗን በምን አወቅሽ፣ በጫማዋ?›› አሏት። ‹‹እህት ከሆንሽ ለምን አታስወልቂያትም?›› አሏት። ‹‹እህት ከሆንሽ ለምን እንደሷ አትለብሺም?›› አሏት። አንዱ ፎቶዋን አስፍቶ አይቶ ‹‹ይቺኛዋ ብትሸፈን ይሻላል›› አለ፣ ይኼኛውስ እንኳ ትንሽ አሳቃት፣ ውሸት ምን ያደርጋል። በዚያ ሁሉ መሐል በፎቶዋ ቦታ የጽጌረዳ ሥዕል የለጠፈች አንዲት ሰው ምንም ሳትናገር ልብ አስቀመጠችላት። ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ጣሪያውን ታያለች። ፈርታለች፣ ግን ደግሞ ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ትንሽ ቀለል ብሏል፤ የሰደበችው እሷ፣ የመለሰችውም እሷ። ሚጢጢ ታየው ይሆን? አይታስ ይቅር ትላለች? ጉንዳኑ እየወጣባት ዓይኗ ከበድ አለ፣ ገበያው ተመለሰ፣ ቀሚስና እግር፣ አንድ ቀሚስ ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ስልኩ ደረቷ ላይ ተንቀጠቀጠ።

‹‹እትዬ!›› አለ የሚጢጢ ድምፅ። ‹‹አንቺ ጉደኛ! ምን ሆነሽ ነው በአደባባይ እህቴ እህቴ የምትይው? ጓደኞቼ ስልኬን አቃጠሉት እኮ!››

‹‹ሚጢጢዬ፣ ይቅር በይኝ፣ እኔ ነኝ ያሳቅኩብሽ፣ እኔ ባልልሽ ኖሮ...››

‹‹ማን ላይ ነው ያሳቅሽው? እኔ አይደለሁማ!››

‹‹ምን?››

‹‹እኔ አይደለሁም ነው የምልሽ! ቁመቷን አታዪም? ደረቴ ድረስ እንኳ አትሆን!››

እሷ ቁመት መች አየች፣ ቅጠሏን ካየች ወዲህ ሌላ መች አየች። ‹‹ክሩስ ታዲያ? የእማ ቅጠልስ?››

ያኔ ሚጢጢ ሳቀች። ያ ስንት ቀን የናፈቃት ሳቅ፣ መጀመሪያ እንደ ስርቅታ የሚለው፣ ኋላ ማቆሚያ የሚያጣው። ‹‹ወላሂ አንቺ ቆይተሻል! ቅጠሏ እኮ ፋሽን ሆናለች። ልጅ ያላት ሁሉ እማ ጋ እየመጣች ‹ልጄ እንዳይጠፋብኝ ጥለፊልኝ› ትላታለች፣ ልጅ የሌላትም ታስጠልፋለች። አሁን ገበያ ብትወጪ ግማሹ ሰው እናትሽ ነው!››

ልትስቅ ነበር፣ እንባዋ ቀደማት። ‹‹ፎቶውስ? ፈተናውስ?››

‹‹ሴት አንሺ አገኘሁ፣ ተነሳሁ፣ መታወቂያውንም ሴት መምህር ታየዋለች፣ አለቀ። ነገ ነው ፈተናው፣ በሬን ዘግቼ ሳጠና ነው የሰነበትኩት።››

‹‹እና ለምን አታነሺልኝም ስልኩን?››

‹‹አኩርፌ ነዋ›› አለች ሚጢጢ ቀስ ብላ። ‹‹አንድ ጥቁር ነገር አልሽኝ።››

‹‹አልኩሽ።››

‹‹ከሌላ ሰው ስንቱን እሰማለሁ እትዬ፣ መንገድ ላይም ስልኬ ላይም፣ ጆሮዬ ለምዷል። ካንቺ ስሰማው ግን አለቀስኩ። ውስጡ ማን እንዳለ የምታውቂው አንቺ ነሻ።››

‹‹ይቅር በይኝ ሚጢጢ። ደክሞኝ ነው ብልሽ ውሸት ነው። ብዬዋለሁ፣ ይቅር በይኝ።››

‹‹ይኸው ደሞ አሁን›› አለች ሚጢጢ አፍንጫዋን እየሳበች፣ ‹‹ጥቁር ነገር ሁሉ እኔን መሰለሽ!›› ሁለቱም ሳቁ፣ ሁለቱም አለቀሱ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በስልክ አይለይም። ‹‹በይ አጥፊው አሁን፣ የሰው ሴት በአደባባይ እህቴ ብለሽ፣ ቤተሰቦቿ ቢያዩትስ? ለነገ ዱዓ አድርጊልኝ፣ እሺ? ተኚ ደሞ።››

‹‹እሺ የኔ እናት።››

ተፈታላት። ሚጢጢ አለች፣ ነገ ትፈተናለች፣ ይቅርም ብላታለች፣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የፀሐይዋ መስመር ትራሱ ላይ ደርሳ ደብዘዝ ብላለች። የጻፈችውን ከፈተች። ሳቁ ጨምሮ ጠበቃት፣ እሷም በራሷ ሳቀች፣ በስተርጅና የሰው ቀሚስ ይዛ ዓለሙን ሁሉ ስትዞር! ነካችው፣ ‹ይጥፋ?› ብሎ ጠየቃት። ጣቷን ልታሳርፍ ስትል መልእክት መጣ። ከባለ ጽጌረዳዋ ነው።

‹‹አሰላሙ ዐለይኩም። እህቴ ናት ያልሽው እኔን ነው። ተሳስተሽ መሰለኝ፣ እኔ እህት የለኝም። ፎቶ ቤት የሄድኩት የልጄን ፎቶ ላመጣ ነበር፣ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ያ ነገር ከወጣ ወዲህ ከቤት አልወጣሁም፣ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ይመስለኛል። ዛሬ ያንቺን አንብቤ ልጄን ይዤ ወጣሁ። አሁን ደግሞ እህትሽ አለመሆኔን ስታውቂ ታጠፊዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ካላስቸገርኩሽ አታጥፊው።››

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የለም፣ መንገዱም ጸጥ ብሏል፣ ገበያው ብቻ ከሩቅ ይንጫጫል፣ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ታያታለች፣ ዓይኖቿ የእናቷ አይደሉም፣ እናትሽ አይደለሁም ልጄ ትላታለች፣ ግን አትልቀቂ። ጣቷን ከ‹ይጥፋ?› ላይ አነሳች። ለሴትየዋ ብዙ ጻፈች፣ ስለ ቅጠሏ፣ ስለ ሚጢጢ፣ ስለ ገበያው፣ ጽፋ ጽፋ ደግሞ ሁሉንም አጠፋችው፣ መጨረሻ የላከችላት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ‹‹እሺ፣ እህቴ።››

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ሳይጠሩት መጣ። ደባሏ ከሥራ ተመልሳ ስትገባ የፀሐይዋ መስመር ጠፍታ ክፍሉ ጨልሞ ነበር፤ መብራቱን ብታበራ የቀኗ ባለተራ እንደ ሕፃን ተጠቅልላለች፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ በጭብጧ ጨብጣ፣ አፏ ከፈት ብሎ። ‹‹አንቺ፣ ሥራ ረፈደብሽ! ኧረ ልቀቂ፣ ተራዬ ነው!›› ብላ ብትስብ ብትስብ አልለቅ አለቻት።